ታካሚው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ቅጽ፦ የኤች አይ ቪ ሪፖርት ለጤና መሥሪያ ቤት እንዴት ይላካል?

አንድ ሰው ተመረመረና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ተገኘ። አረጋጋችሁት፣ አማከራችሁት፣ መድኃኒት የሚጀምርበትን ቀን ነገራችሁት። እሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ ይቀራል። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ቅጽ ነው።

ብዙ ባለሙያ ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ወረቀት ያየዋል። ሰዓት ሲደርስ በጥድፊያ ይሞላዋል፣ ወይ "ነገ" እያለ መሳቢያ ውስጥ ያስተኛዋል። ሌላው ደግሞ ይፈራዋል። "የታካሚዬን ምስጢር አሳልፌ መስጠቴ አይደል?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ሪፖርቱ ለማን፣ ምን ይዞ፣ በምን መንገድ እንደሄደ ስናይ ነው። ያው ወረቀት መንገዱን ጠብቆ ሲሄድ የሥራ ግዴታ ነው። አንድ ጠረጴዛ ከሳተ ግን የሰው ትዳርና እንጀራ ያናጋል።

መጀመሪያ ደንቡን ራሱን አንብቡ

"እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው" የሚል የባልደረባ ቃል ደንብ አይደለም። እሱም ከሌላ ሰው የሰማው ነው። ደንቡ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። አንዱ ጋ ግዴታ የሆነው ሌላው ጋ ሊከለከል ይችላል።

ልዩነቱ የመጣው ከታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ ምች ታመዋል የሚል ነበር። ጽሑፉ ሐኪሞች የላኩት የኬዝ ሪፖርት፣ ማለትም በበሽታው ስለተያዘ ሰው የሚላክ መረጃ ነው። ዓለም ወረርሽኙን ያወቀው በሪፖርት ነው ማለት ነው። በ1985 የደም ምርመራው ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። በሽታውን የሚገታ መድኃኒት በሌለበት ጊዜ ስምን መመዝገብ ሰዉን ከምርመራ ያሸሸዋል የሚል ስጋት ነበር። የኮሎራዶ ግዛት በዚያው ዓመት ሪፖርቱ በስም እንዲላክ አዘዘ። ካሊፎርኒያ ግን በ2002 በኮድ ጀምራ በ2006 ወደ ስም ዞረች። በ2008 የአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በስም ይልኩ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በአንጻሩ ኤች አይ ቪ በሕግ አስገዳጅ ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ክሊኒኮቹ የሚልኩት ስም የሌለው፣ በኮድ የተሸፈነ መረጃ ነው።

ጀርመን በ2001 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግም ስም አይፈቅድም። የስሙ ሦስተኛ ፊደልና የፊደሎቹ ብዛት ብቻ ይጻፋል፤ የቤተሰብ ስምም እንደዚያው። አሠራሩን በእኛ ፊደል እንሞክረው። ሰላማዊት የሚለውን ስም ውሰዱ። ሦስተኛው ፊደል "ማ" ነው፣ ፊደሎቹ አምስት ናቸው። ስለዚህ "ማ5" ይሆናል። አሁን ሃይማኖት የሚለውን ውሰዱ። ሦስተኛው ፊደል አሁንም "ማ"፣ ብዛቱም አምስት። እሱም "ማ5"! ለዚህ ነው የትውልድ ወርና ዓመት፣ ጾታም የሚጨመረው። ኮዱን ብቻ ያየ ሰው ከ"ማ5" ተነስቶ ስሙ ላይ አይደርስም። ሌላም ጥቅም አለው። ሃይማኖትን አንዱ በሃ፣ ሌላው በሐ ቢጽፈው ኮዱ አይለወጥም። በስም በሚሠራ መዝገብ ውስጥ ግን ያቺ አንዲት ፊደል አንዱን ሰው ሁለት ታደርገዋለች።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በስም መላክ ለክትትል ይመቻል። የምመርጠው ግን መዝገቡን የሚጠብቅ ቁልፍም ሕግም ካለ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ኮድ ይሻላል። ለማንኛውም ምርጫው የእኔም የእናንተም አይደለም፣ የደንቡ ነው።

ደንቡን ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ፦

- የሚልከው ማን ነው? ሐኪሙ፣ ላብራቶሪው ወይስ ሁለቱም? "ላብራቶሪው ልኮታል" ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ብዙ ቦታ ሁለቱም ለየብቻ ይልካሉ፤ ላብራቶሪው ውጤቱን፣ ሐኪሙ ደግሞ ውጤቱ የማይናገረውን።
- በስም፣ በኮድ ወይስ በቁጥር ብቻ?
- በስንት ቀን ውስጥ? ለምሳሌ ካሊፎርኒያ የምትሰጠው ሰባት ቀን ነው። የእናንተን እወቁ። ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠርም እዩ።
- ለየትኛው ቢሮ፣ ለየትኛው የሥራ ክፍል?
- በምን? በወረቀት፣ በተቆለፈ ፖስታ፣ በኮምፒውተር ሥርዓት?

መልሶቹን በአንድ ገጽ ጻፉና ቅጹ በሚቀመጥበት ቦታ ለጥፉት። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ከማስረዳት ያድናችኋል።

ያልተረጋገጠ ውጤት አይላክም

አንድ ፈጣን ምርመራ ምላሽ አሳየ ማለት ሰውየው ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ የሚመክረው ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች በተከታታይ ምላሽ እንዲያሳዩ ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ "ያልለየለት" ተብሎ ይመዘገብና ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ ይመረመራል። በእነዚያ 14 ቀናት ውስጥ የኬዝ ሪፖርት የለም። ቤቱ ራሱን መርምሮ "ሁለት መስመር ወጣብኝ" ብሎ የመጣም ሰው ገና ኬዝ አይደለም። ምርመራውን ከመጀመሪያው አድርጉለት።

ጨቅላ ሕፃናት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የእናት ፀረ እንግዳ አካላት በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆዩ ይችላሉ። በዚያ ዕድሜ ፈጣኑ ምርመራ ምላሽ ቢያሳይ የሚያሳየው የእናቲቱን ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ልጁ የሚለየው ቫይረሱን ራሱን በሚፈልገው በፒሲአር ነው። ሪፖርቱም የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሌላ ሁላችንም የምንወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሰውየው ሌላ ቦታ ለዓመታት መድኃኒት ሲወስድ ኖሯል። ቦታ ቀየረ፣ ወይ "እስቲ ድኜ ይሆናል" ብሎ አሰበ፣ እና እንደ አዲስ ሊመረመር መጣ። እሱ ካልነገራችሁ እናንተም አዲስ ኬዝ አድርጋችሁ ትልኩታላችሁ። መዝገቡ ላይ አንድ ሰው ሁለት ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው አጠያየቅ ላይ ነው። "ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ?" ብላችሁ ብትጠይቁ "አላውቅም" ይላችኋል፤ ፈተና ይመስለዋላ። "ብዙ ሰው ሌላ ቦታ ጀምሮ ነው ወደ እኛ የሚመጣው፣ ምንም ችግር የለውም። እርስዎስ ከዚህ በፊት የወሰዱት መድኃኒት አለ?" ስትሉ ነገሩ ይለወጣል። አንዲት እናት ይህን ስጠይቃቸው ምንም ሳይናገሩ ከቦርሳቸው የክኒን ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። አዲስ ኬዝ የሚለውን ሳጥን ልሞላ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር።

ለታካሚው ንገሩት፣ ግን እንዳታስፈቅዱት

ይህ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነጥብ ነው። ሕጉ ሪፖርት አድርጉ ብሎ ካዘዘ የታካሚው ፈቃድ አይጠየቅም። የታካሚን መረጃ አጥብቆ የሚጠብቀው የአሜሪካው የ1996 ሕግ እንኳ ለሕዝብ ጤና ሥራ የሚላከውን ያለ ፈቃድ ይፈቅዳል። ታዲያ "ይፈቅዱልኛል?" ብላችሁ ጠይቃችሁ "አይ" ቢላችሁ ምን ልታደርጉ ነው? ከላካችሁት ዋሻችሁት፣ ካልላካችሁት ሕግ ጣሳችሁ። ምርጫ በሌለበት ምርጫ አታቅርቡ።

ማሳወቅ ግን ሌላ ነው። ሰው ስለ ራሱ ምን እንደተላከ ከሌላ አፍ መስማት የለበትም። እኔ የምለው ይህን ይመስላል፦

"ይህ ውጤት ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ይላካል። ስንት ሰው መድኃኒትና ክትትል እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በዚህ ነው። የሚያዩት ይህን ሥራ የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ለአሠሪዎ ወይም ለቤተሰብዎ አይላክም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የምትናገሩት ደንባችሁ ካረጋገጠላችሁ ብቻ ነው። ለማጽናናት ብላችሁ ሕጉ የማይሰጠውን ቃል አትግቡ። ስሙ ሳይጠየቅ የሚመረመርበት አገልግሎት ባለበት አገርም ልዩነቱን ንገሩት። እዚያ በስም የሚላክ ነገር የለም፤ ስም የሚመጣው ሕክምና ሲጀምር ነው።

ይህን ሁሉ ውጤቱን በነገራችሁባት ደቂቃ አትናገሩ። በዚያች ደቂቃ ሰው አይሰማም። ውኃ ይጠጣ፣ ያልቅስ፣ ይጠይቅ። የሪፖርቱ ወሬ ወደ መጨረሻ ይምጣ፤ ከከበደውም ለቀጣዩ ቀጠሮ ይደር። ብቻ የሪፖርቱ ቀን እንዳያልፋችሁ።

ቅጹን ስትሞሉ

ብዙዎቹ ሳጥኖች ራሳቸው ይናገራሉ፤ አልፋቸዋለሁ። ጣጣ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው።

ቀን። ቅጹ ቢያንስ ሦስት ቀኖች አሉት፦ ናሙናው የተወሰደበት፣ ውጤቱ የተረጋገጠበትና ቅጹ የተሞላበት። የደከመ ሰው ሦስቱም ላይ የዛሬን ይጽፋል። ሌላው ደግሞ "03/04" ይጽፍና በፈረንጅ አቆጣጠር ሚያዝያ ይሁን መጋቢት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ወሩን በፊደል ጻፉት።

ስም፣ በስም የምትልኩ ከሆነ። በመታወቂያው እንዳለው ቅዱት። በጆሯችሁ የሰማችሁትን አትጻፉ።

የመጀመሪያው ሲዲ ፎር። ሲዲ ፎር ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ የደም ሕዋሳት ቁጥር ነው፤ እዚህ የሚጻፈው ከምርመራው በኋላ መጀመሪያ የተለካው እንጂ የቅርቡ አይደለም። ከ200 በታች ከሆነ ሰውየው የደረሰው ዘግይቶ ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን "የገፋ በሽታ" ይለዋል፤ ሕክምና ያልጀመሩ ወይም ጀምረው ያልተረጋጉ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናትንም ቁጥራቸው ምንም ይሁን እዚያው ይመድባቸዋል። ብዙ ሰው ከ200 በታች ሆኖ እየመጣ ከሆነ ምርመራው ዘግይቶ እየደረሰ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ቁጥር ነው። ስለዚህ ባዶ አትተዉት። ውጤቱ ካልደረሰ "ገና" ብላችሁ ጻፉና ሲመጣ ላኩ።

የተላለፈበት መንገድ። እዚህ ላይ ግምት ይበዛል። ያገባች ስለሆነች "ከባሏ"፣ ልብሱ እንዲህ ስለሆነ "እንዲያ ነው" ይባላል። ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ "አይታወቅም" የምትለዋን ምልክት አድርጉ። "አይታወቅም" ሐቀኛ መልስ ነው። ባዶ ሳጥን ግን ያልተጠየቀ ይሁን ያልተመለሰ አይለይም።

"ማስታወሻ" የሚለው ክፍት ቦታ። እኔ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ሳጥኖቹ የማይጠይቁትን ሁሉ ሰው እዚያ ያፈስሰዋል። አንድ ጊዜ እጄ በገባ ቅጽ ላይ እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ "ባሏ አያውቅም፣ ቤት ስልክ አይደወል።" የጻፈው ሰው ሊጠብቃት አስቦ ነው። ግን ቅጹ ከእሱ እጅ ወጥቶ እኔ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰው አንብቦት ይሆን? እንዲህ ያለው ነገር በታካሚው ካርድ ውስጥ ይኑር። ደንቡ ያልጠየቀውን አትጨምሩ።

መላኩ

ምስጢር የሚወጣው በአብዛኛው እዚህ ነው። የሚያወጣውም ሰርጎ ገብ ሌባ አይደለም፤ ቁልፍ የተሰጠው ወይም የተጣደፈ ሰው ነው።

በ2019 ሲንጋፖር የኤች አይ ቪ መዝገቧ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱን አሳወቀች። የ14,200 ሰዎች መረጃ ነበር። ምንጩ መዝገቡን የማየት ሥልጣን ከነበረው ሐኪም ጋር የተያያዘ ነው። ሚኒስቴሩ ከ2016 ጀምሮ መረጃውን ለማውረድ የሁለት ሰው ፈቃድ እንዲያስፈልግ አድርጎ ነበር፤ መረጃው ግን ከዚያ በፊት ወጥቷል። በ2015 ደግሞ ለንደን ውስጥ አንድ ክሊኒክ ለታካሚዎቹ ዜና በኢሜይል ላከ። አድራሻዎቹ ተሰውረው መግባት ሲገባቸው በግልጽ ገቡ። ከ700 በላይ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ተቋም 180,000 ፓውንድ ተቀጣ። አንዲት ሳጥን ስቶ ነው።

ስለዚህ በቀን ተቀን ሥራ ይህን ያዙ፦

- ቅጹን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አትላኩ። "ለአስተባባሪው ብቻ ነው" አይሠራም። ፎቶው የእናንተም ስልክ ላይ ቀርቷል፤ ያ ስልክ ነገ ልጃችሁ የሚጫወትበት ነው።
- በወረቀት ከላካችሁ ፖስታው ይታሸግ። ላዩ ላይ የተቀባዩ ስምና የሥራ ክፍሉ ይጻፍ። "ኤች አይ ቪ" የሚል ቃል ከውጭ አይታይ።
- በኮምፒውተር ከላካችሁ በራሳችሁ መግቢያ ግቡ። የይለፍ ቃል መዋዋስ አንድ ነገር ሲወጣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ያጠፋል። ተጠያቂ የሌለበት ቤት ደግሞ ይፈሳል።
- ያላለቀ ቅጽ ምሳ ስትወጡ ጠረጴዛ ላይ አይቅር። ቁልፍ ያለው መሳቢያ ካላችሁ ቁልፉን ተጠቀሙበት። መሳቢያው ላይ የተሰካ ቁልፍ ቁልፍ አይደለም።

ስልክ ይደወላል። "ከጤና ቢሮ ነው፣ ባለፈው ሳምንት የላካችሁት ኬዝ ስሙ ማን ነበር?" ደዋዩ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። "ቁጥርዎን ይተዉልኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" አትበሉት። የተሰጣችሁን ቁጥር ከደወላችሁ ያው ሰው ነው የሚያነሳው። ይልቅስ በእጃችሁ ባለው በተረጋገጠው የቢሮ ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ትክክለኛ ሠራተኛ ይህን አይቀየምም።

ሪፖርት ያልሆኑ ነገሮች

ለአሠሪ ደብዳቤ መጻፍ ሪፖርት አይደለም። ለቤተሰብ መናገርም አይደለም። ፖሊስ መጥቶ ቢጠይቅ የሪፖርቱ ደንብ አይሸፍነውም። ለኃላፊያችሁና ለሕግ ክፍሉ ምሩት፤ በቃል ምንም አትስጡ።

የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛን ማሳወቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዳንድ አገር ቅጹ ላይ የሚታወቁ ጓደኞችን ይጠይቃል። ብዙ ቦታ ግን በታካሚው ፈቃድ፣ በእሱ ፍጥነትና ጥቃት ይደርስበት ይሆን ተብሎ ታይቶ የሚሄድ አገልግሎት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አታቡኩ።

እናንተ ራሳችሁ መርፌ ቢወጋችሁስ? ያ ሌላ ቅጽ ነው፣ ሰዓቱም ይለያል። መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ከዚያ ወረቀቱ።

ከላካችሁ በኋላ

ብዙ ሰው ሪፖርት አንድ ጊዜ ልኮ የሚገላገለው ይመስለዋል። አሁን አሠራሩ አንዱን ሰው ከምርመራ ጀምሮ መከተል ነው። ወደ ክትትል ገባ? መድኃኒት ጀመረ? የቫይረሱ መጠን ስንት ሆነ? ወደ ሌላ ተቋም ተዛወረ? አረፈ? እያንዳንዱ የየራሱ ሪፖርት አለው። የቫይራል ሎዱ (የቫይረሱ መጠን) ውጤት በተለይ ብዙ ይናገራል። መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን፣ ሰውየውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የማያስተላልፍበት ደረጃ ላይ መድረሱን የምናውቀው በእሱ ነው። ታካሚው ሲዛወር ዝውውሩን ካልላካችሁ እናንተ ጋ "ጠፋ" ተብሎ ይቆጠራል። እዚያኛው ጋ ደግሞ "አዲስ" ይሆናል።

አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። ስም አይጻፍበትም። የቅጹ ተራ ቁጥር፣ የተላከበት ቀን፣ የተቀባዩ ፊርማ ወይም የኮምፒውተሩ ማረጋገጫ ቁጥር ብቻ። በወር አንድ ጊዜ ከላብራቶሪው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ላብራቶሪው ዘጠኝ ልኮ እናንተ ሰባት ከላካችሁ ሁለቱ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ስህተትም ይኖራል። የሁለት ሰው ናሙና ተቀያይሮ፣ ወይም ዳግም ምርመራው የመጀመሪያውን አፍርሶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በድጋሚ መመርመር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ያኔ የእናንተን ቅጂ ቀድዶ መጣል አያጠፋውም፤ መዝገቡ ላይ ያ ሰው አሁንም አለ። ተራ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ የስረዛ ማስታወቂያ በዚያው መንገድ ላኩ። መሰረዙን የሚያረጋግጥ መልስ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ሲመጣ ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ሰውየውን ጠሩትና ለእሱም ንገሩት።